የአእምሮ ሕመምና የዝምታ ሸክም



አንድ ሰው እግሩ ቢሰበር ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቀዋል፤ ወደ ወጌሻ ወይም ወደ ሐኪምም ይወስደዋል። አእምሮው ሲታወክ ግን በር ይዘጋበታል፤ ስሙም በሹክሹክታ ይነሣል። ይህ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የሚታይ ነገር ነው። በዚህ ትምህርት የአሜሪካን ጥቁር ሕዝብ ታሪክ የመረጥነው፣ ዝምታ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚሰበር በግልጽ ስለሚያሳየን ነው።

1. የዝምታው ምንጭ

ሕክምናን የሚሸሽ ሰው ብዙ ጊዜ ባለማወቁ ይወቀሳል። የጥቁር አሜሪካውያን ጥርጣሬ ግን በቂ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ ሐኪም ከጌታው የሚኮበልል ባሪያ የአእምሮ በሽተኛ ነው ብሎ ጻፈ፤ ለዚህም «ድራፔቶማኒያ» የሚል ስም አወጣ። የነጻነት ጥማት እንደ ደዌ ተቆጠረ ማለት ነው። በ1911 በሜሪላንድ፣ ክራውንስቪል፣ ለጥቁሮች ብቻ የተለየ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሲቋቋም፣ ሕሙማኑ ራሳቸው በግንባታው እንዲሠሩ ተደረገ። ከ1932 እስከ 1972 ደግሞ በአላባማ፣ ተስኪጊ፣ የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት 600 ያህል ጥቁር ወንዶችን ለቂጥኝ ጥናት መረጠ። ከእነርሱ 399ኙ በሽታው ነበረባቸው፤ ፔኒሲሊን ፈዋሽ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ሕክምናው ተነፈጋቸው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው።

እንዲህ ያለፈበት ሕዝብ ገመናውን ለሐኪም ከመግለጥ መታገሥን ቢመርጥ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ መከራን ያሻገረው ትዕግሥት፣ ሕመም በመጣ ጊዜ መድኃኒት የሚያስቀር ግድግዳ ሊሆን ይችላል። በተለይ ቤተሰብ የምትሸከም እናት «ጠንካራ ናት» ስለምትባል ደከመኝ ለማለት ታፍራለች።

2. ጸሎትና ሕክምና

ለዚህ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን መጠጊያ ሆና ኖራለች። ነገር ግን «ጸልይ፣ ይለፍሃል» ብቻ የተባለ ሕመምተኛ፣ ሕመሙ ሳይለቀው ሲቀር እምነቱ የጎደለ ይመስለዋል። ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ መልአኩ አስቀድሞ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፤ እንዲተኛም ተወው (1ኛ ነገሥት 19)። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2282) ከባድ የአእምሮ መታወክና ጭንቀት ራሱን ያጠፋ ሰው ያለበትን ኃላፊነት ሊቀንሱ እንደሚችሉ ያስተምራል። ስለዚህ ያዘኑትን ቤተሰቦች በፍርድ ቃል ማቁሰል አይገባም።

3. ዝምታውን የሰበሩ

በ1968 ጥቁር የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በሳን ፍራንሲስኮ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ሐኪም የነበሩት ዴቪድ ሳቸር፣ ራሳቸውም ጥቁር አሜሪካዊ፣ ጥቁሮችና ሌሎች አናሳ ወገኖች የአእምሮ ሕክምና በበቂ እንደማያገኙ በይፋ አስታወቁ። ደራሲዋ ቤቢ ሙር ካምቤል በቤተሰቧ ስለ ደረሰው ሕመም በግልጽ ጻፈች፤ ካረፈች ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የሐምሌን (ጁላይ) ወር በስሟ ለዚህ ጉዳይ መታሰቢያ አደረገ።

4. እኛስ?

በእኛም ዘንድ «አማኑኤል ገባ» የሚለው ቃል ስንቱን አሳፍሯል! ስለዚህ፦

ሀ) ሕመምተኛን «ዕብድ» አንበል፤ ሕመሙንም የኃጢአቱ ቅጣት አናድርገው።
ለ) ለጸሎት ወይም ለጠበል የሚሄድ ሰው ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዳያቋርጥ እንምከር።
ሐ) ሞትን የሚመኝ የሚመስለንን ሰው በፍቅር በግልጽ እንጠይቀው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብቻውንም አንተወው፤ ይዘነው ወደ ሐኪም እንሂድ።

ለውይይት፦ በቁምስናችን በዝምታ የሚሠቃይ ቤተሰብ አለን? በሩን ካንኳኳን ስንት ጊዜ ሆነን?