ካፖርት ጠባቂ አትሁኚ

ቆይ፣ «ክፈል» የሚለውን እንዳትነኪው። ወንበርሽን ጠጋ አድርጊልኝና አብረን እንየው። የስኪ ዕረፍት፣ ሰባት ሌሊት፣ ሆቴል ከነቁርሱ፣ የሊፍት ካርድ ለሦስት ሰው። ሦስት? ባልሽ፣ ትልቁ ልጅ፣ ትንሿ። ያንቺስ የታለ? «እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ» እንዳትዪኝ ብቻ! ትንሿ እኮ ገና አምስት ዓመቷ ነው። ብዙዎቹ የኖርዌይ የስኪ ቦታዎች ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሄልሜት ካደረገ ሊፍቱን በነፃ ያሳፍሩታል። የምትሄዱበትን ቦታ ደንብ አይተሽ የሷን አውጪና ያንቺን አስገቢ።

የኛን ሴቶች አውቃቸዋለሁ። ኖርዌይ ስንት ዓመት ኖረው ከስኪ ጋር ያላቸው ትውውቅ ቁልቁለቱ ግርጌ ቆሞ ቪዲዮ ከመቅረጽ አያልፍም። በአንድ ክንድ የቤተሰቡ ጃኬት፣ በሌላው ቴርሞስ። ደግሞ እዚያ ሜዳ ላይ ከማንም በላይ የሚበርደው የቆመ ሰው ነው፤ የሚንሸራተተውማ ያልበዋል። ልጆቹ እንደሆነ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ «የስኪ ቀን» እየተባለ ስለሚወሰዱ ሳናውቀው ይለምዱታል። «ይሄ የኛ ነገር አይደለም» ካልሽኝ ደግሞ፣ አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ በክረምት ኦሎምፒክ፣ የኢትዮጵያን ስም ይዞ በስኪ ተወዳድሯል። አንቺን ለሜዳሊያ ማን ጠየቀሽ? ስለዚህ ይሄን ዕረፍት ስታቅጂ ሁሉንም በአንድ ነገር መዝኚው፦ እጅሽን ያስፈታል ወይስ ያሳስራል?

መጀመሪያ ቦታው። ትሪሲል የኖርዌይ ትልቁ የስኪ መንደር ነው፣ ለልጆችም ይመቻል። ግን ባልሽ በበረዶ መንገድ መንዳት ይፈራል፤ ደግሞም ልክ ነው። ለናንተ በባቡር የሚደረስባት ያይሎ ትሻላለች። የበርገን ባቡር መስመር እ.ኤ.አ. በ1909 ከተከፈተ ጀምሮ እንግዳ የለመደች መንደር ናት። ኦስሎ ተሳፍረሽ ከሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ መንደሩ መሀል ትወርጃለሽ። ባቡሩ ላይ ልጆች የሚጫወቱበት ክፍል ያለው የቤተሰብ ፉርጎ አለ፤ ቲኬት ስትቆርጪ እሱን ምረጪ። ቁልቁለቶቿ አብዛኞቹ ገራም ናቸው። ከፍታው ልጆቹን ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል ብለሽም አትስጊ፤ መንደሯ 800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የሸርተቴው ጫፍ እንኳ 1,200 ሜትር አይሞላም። ከ2,300 ሜትር በላይ፣ አዲስ አበባ ላይ ላደገ ሰው ይሄ ቆላ ነው። የሚፈራው ብርዱ ነው።

ሰባቱን ሌሊት ሦስት አድርጊው። ለጀማሪ በሦስተኛው ቀን እግር ይዝላል፣ ልጆችም ይነጫነጫሉ። የኦስሎ ትምህርት ቤቶች በ8ኛው ሳምንት፣ የበርገን በ9ኛው ስለሚዘጉ ያኔ ዋጋው ሰማይ ይነካል፤ በፋሲካቸውም እንደዚያው። የሚሆንላችሁ ከሆነ ከማርች አንዱን ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ቀን ፈቃድ ጋር ያዙ። ቀኑ ረዝሟል፣ ፀሐይ አለ፣ በረዶውም ገና አልሄደም።

ሆቴሉን ተዪውና ሂተ፣ ማለት የተራራ ጎጆ፣ ተከራዪ፤ ማርች አብዛኛው ጾም ስለሆነ የሆቴሉ ቁርስ ላንቺ ዳቦና ሻይ ነው። ወጡን እዚሁ ሠርተሽ፣ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዘሽ ውሰጂ፤ እዚያ ማሞቅ ብቻ ነው። አንሶላና የመጨረሻው ቀን ጽዳት ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ያስከፍላሉ። አንሶላውን ከቤት ያዢ፣ ጽዳቱን ግን ክፈዪ፤ የመጨረሻውን ጠዋት መወልወያ ይዘሽ እንዳታሳልፊው። ምሳ? የሜዳው ካፌ ቋሊማና ዋፍል ነው የሚሸጠው። ኖርዌያውያኑ ራሳቸው ዳቧቸውን ቋጥረው፣ ብርቱካንና ክቪክ ሉንሽ ቸኮሌታቸውን ይዘው በረዶው ላይ ቁጭ ይላሉ። አንቺም ሽሮሽን አፈ ሰፊ ቴርሞስ ውስጥ ይዘሽ ብትቀመጪ የሚያይሽ የለም።

ጋቢሽን ውሰጂው፣ ግን ከሂተው በር እንዳይወጣ። ጥጥ ላብ ይመጥጣል፤ ከረጠበ በኋላ ያበርዳል እንጂ አያሞቅም። ከሥር ሱፍ፣ ከመሀል ፍሊስ፣ ከላይ ንፋስና ውሃ የማያስገባ። ካልሲ መደራረብ ይቅር፤ ጫማው ሲጠብ ደም አይዘዋወርም፣ እግርም ይደነዝዛል። አንድ የሱፍ ካልሲ ይበቃል። ለልጆቹ አራቱን ጣት አንድ ላይ የሚይዘውን ጓንት ግዢ፤ ትርፉ ጥንድ ኪስሽ ውስጥ ይሁን፣ ምክንያቱም የመጀመሪያው መርጠቡ አይቀርም። የፀሐይ ክሬምም እንዳትረሺ፤ በረዶ ብርሃኑን መልሶ ፊት ላይ ይረጫል፣ ጥቁር ቆዳንም አይምርም።

ዕቃ ለመግዛት አትሩጪ። ቡአ የሚባለው የስፖርት ዕቃ ማዋሻ በነፃ ነው የሚያውሰው፤ ያላገኘሽውን እዚያው ያይሎ ትከራያላችሁ። ጫማ ላይ ግን አደራ፦ «ሲያድግ ይሞላዋል» ብለሽ ሰፊ እንዳትይዢለት። ሰፊ የስኪ ጫማ መሪው የላላ መኪና ነው።

ከጉዞው በፊት አንድ እሑድ በኦስሎ ሜትሮ 1 ፍሮግነርሴተረን ድረስ ውጡና ስሌጅ ተከራይታችሁ ኮርከትሬከረንን ውረዱ። ሁለት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት ነው፤ ታች ስትደርሱ ሜትሮው መልሶ ያወጣችኋል። ልብሱ ይበቃ እንደሆነ፣ ማን ቶሎ እንደሚበርደው፣ ማን እንደሚፈራ ብዙ ገንዘብ ሳታወጡ እዚያ ታውቂያለሽ።

አሁን ዋናው። የመጀመሪያው ጠዋት ልጆቹ ስኪ ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ አንቺም በዚያው ሰዓት የጀማሪ አዋቂዎች ትምህርት ያዢ። «ባሌ ያስተምረኛል» እንዳትዪ፤ ትዳርሽን አክብሪ። ሰውነትሽ ሲፈራ ወደ ኋላ መሸሽ ይፈልጋል፤ ያኔ ነው ስኪው ጥሎሽ የሚሄደው። ጉልበትሽን አጠፍ፣ ቅልጥምሽን ጫማው ፊት ላይ ጫን አድርጊ። ለመቆም የስኪዎቹን አፍንጫ አቀራርቢ፣ ተረከዝሽን ወደ ውጭ ግፊ። መውደቅሽ ካልቀረ ወደ ጎን ውደቂ፤ ስትነሺም ስኪዎቹን ከቁልቁለቱ አግድም አድርጊ፣ አለዚያ ገና ሳትቆሚ ይዘውሽ ይሄዳሉ።

መስመሮቹ ቀለም አላቸው፦ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር። ከአረንጓዴው አትቸኩዪ። ከታችሽ ያለው ሰው ቅድሚያ አለው፤ ስትቆሚም ዳር ይዘሽ። ደግሞ ለረጅም መንገድ ስኪ የተሠራውን ትይዩ ቦይ በእግር እንዳትረግጡት። ዝምተኛ ኖርዌያዊ ሲቆጣ ማየት ካማረሽ ግን መንገዱ እሱ ነው።

ልጆቹ ገና እየሳቁ ሳለ ግቡ። የትንሿን ጉንጭ በባዶ እጅሽ እየዳሰስሽ እዪ፤ ከደነዘዘባት ያን ቀን አበቃ። ዘጠኙ የኖርዌይ የተራራ ደንቦች ውስጥ ስምንተኛው በጊዜ መመለስ ነውር የለውም ይላል፤ ተራራ ያሳደጋቸው ሰዎች ካላፈሩ አንቺ ምን ያሳፍርሻል?

ሁለተኛው ቀን ከሰዓት ባልሽ ልጆቹን ይዞ ስሌጅ ይጫወት። አንቺ ብቻሽን አረንጓዴውን እስኪበቃሽ ውረጂ። «ራትስ?» ካለሽ፣ ወጡ የት እንዳለ ንገሪው።