ከሳልሞኔላ የተወሰደ ጆሮ

ወጣት፦ ጋሼ፣ ባክቴሪያ የአንጀት በሽታን እንዲጠቁም ይደረጋል ሲሉ ሰማሁ። በሽታ አምጪው ራሱ እንዴት ሐኪም ይሆናል?

ጋሼ፦ ሁሉም በሽታ አምጪ አይደለም፣ ልጄ። አንጀታችን ውስጥ በሰላም የሚኖረው ይበዛል። ተመራማሪዎችም ሐኪም አላደረጉትም፤ ያገኘውን እንዲመሰክር ነው ያሰናዱት።

ወጣት፦ በምን ያውቃል?

ጋሼ፦ በፕሮሞተር። ከጂኑ ፊት ያለ አጭር የዲኤንኤ ክፍል ነው፤ ጂኑ መነበብ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እንደ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ቁጠረው። አንዳንዱ የተወሰነ ነገር ካልመጣ አይበራም።

ወጣት፦ በሽታ ሲመጣ የሚበራ ፕሮሞተር ታዲያ ከየት ይገኛል?

ጋሼ፦ እኔን የሚያስደንቀኝ ይኸው ነው። አንጀትን ከሚያሳምመው ባክቴሪያ፣ ከሳልሞኔላ ወሰዱት! አንጀት ሲቆጣ የሰውነት መከላከያ ኃይለኛ ኬሚካሎች ይረጫል፤ እነዚህም አንጀት ውስጥ ያለውን ታዮሰልፌት የሚባል ውህድ ቴትራታዮኔት ወደሚባል ሌላ ውህድ ይለውጡታል። ሳልሞኔላ በቴትራታዮኔት ይተነፍሳል፤ በተቆጣ አንጀት ውስጥ ከሌሎቹ ልቆ የሚራባውም ለዚህ ነው። ስለዚህ የቴትራታዮኔትን መምጣት የሚሰማበት ፕሮቲን፣ ሲሰማም የሚበራ ፕሮሞተር አለው። በሐርቫርድ የፓሜላ ሲልቨር ቡድን ይህንን ጆሮ ከአይጥ አንጀት ለተገኘ፣ ጉዳት ለማያደርስ ኢ. ኮላይ ሰጠው።

ወጣት፦ ባክቴሪያው ከሰገራ ጋር እስኪወጣ ድረስ ግን ምልክቱ አይጠፋም?

ጋሼ፦ ደግ ጠየቅህ። ይጠፋል፤ ጆሮ ብቻውን አይበቃም የምልህም ለዚህ ነው። እነርሱም ማስታወሻ ጨመሩለት። ላምዳ የሚባል፣ ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ አለ፤ በውስጡ ሁለት ፕሮቲኖች አንዱ ሌላውን ይጫናሉ። ይህንን ሚዛን ወስደው ባክቴሪያው ውስጥ አስገቡት። ፕሮሞተሩ ሲበራ ሚዛኑ ይገለበጣል፤ ተገልብጦም ይቆያል፤ ባክቴሪያው ሲራባ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። ሰገራው ላቦራቶሪ ውስጥ ቀለም የሚሰጥ ንጥረ ነገር ባለበት ማሳደጊያ ላይ ሲዘራ፣ ቴትራታዮኔት የገጠመው ባክቴሪያ ዘር ሰማያዊ ሆኖ ይበቅላል።

ወጣት፦ ታዲያ ለምን ለበሽተኛ አይሰጥም?

ጋሼ፦ እኔ የነገርኩህ በአይጥ የታየውን ነው። ቴትራታዮኔትም አንጀት መቆጣቱን ይናገራል እንጂ ምን እንዳስቆጣው አይናገርም። ደግሞ የተሰጠው ጂን ወደ ሌሎች ባክቴሪያዎች እንዳይሻገር መረጋገጥ አለበት። ይህ ሳይጣራ ለሰው መስጠት ትክክል አይደለም።

ወጣት፦ በአይጦቹስ ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ ሠራ?

ጋሼ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናታቸው፣ አንጀታቸው ውስጥ ስድስት ወር ቆይቶ እንኳ መስማቱን አላቆመም። አንተ ግን በሰገራህ ደም ብታይ ይህንን አትጠብቅ፤ በዕለቱ ሐኪም ዘንድ ሂድ።