ከጅዳ እስከ መካ 16 ዓመት

ምግብ ቤታችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሞላ የወዳጅ ዘመዱ ምክር አንድ ነው፤ «ምን ትጠብቃላችሁ? ሌላ ቅርንጫፍ ክፈቱ!» ምክሩን ከመቀበላችሁ በፊት ግን የአልበይክን ታሪክ ስሙኝ። ጅዳ የሠራ ወይም ሐጅ ደርሶ የተመለሰ ሀበሻ ስሙን ስታነሱለት ፊቱ ይፈካል።

ሻኩር አቡ ጋዛላ ይህን የጥብስ ዶሮ ቤት ጅዳ ላይ የጀመሩት በ1974 እ.ኤ.አ. ነበር። በ1976 ታመው አረፉ። ለልጆቻቸው ለኢህሳንና ለራሚ የተረፋቸው ዕዳ ያለበት ሥራ ነው። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ጭንቅ ሲገጥመን ገቢ ይጨምራል ብለን ሌላ ቤት እንከፍታለን። ወንድማማቾቹ ግን ወደ ዶሮው ተመለሱ። አንዱ ፈረንሳይ ሄዶ የምግብ ቴክኖሎጂ ተማረ፤ እስከ ዛሬ በምስጢር የሚጠበቀው የ18 ቅመሞች ቅይጥም የዚያ ልፋት ፍሬ ነው።

አጠባበሱንም ልብ በሉ። ዶሮው የጋለ ዘይት ውስጥ ከገባ በኋላ ክዳኑ ጥርቅም ተደርጎ ይዘጋል። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ግፊት ይፈጠራል፤ ሥጋው እርጥበቱን ሳይለቅ በደቂቃዎች ይበስላል። ቆዳው ይንኮሻኮሻል፣ ውስጡ ግን ርጥብ ነው። ቅመሙ፣ የዘይቱ ሙቀትና ሰዓቱ ተለክቶ ሲታወቅ ጣዕሙ በአንድ ሰው እጅ ላይ አይንጠለጠልም። እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ዋናዋ ወጥ ሠሪያችሁ አንድ ሳምንት ብትቀር ደንበኛው ያውቃል? ካወቀ ለሁለተኛው ቤት ገና ናችሁ።

አልበይክ የሚለው ስም የወጣው በ1986 ነው። መካ የገቡት በ1990፤ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ለምትርቅ ከተማ 16 ዓመት! ሐጃጆች በሚሰፍሩበት ሚና ደግሞ ያለ ትርፍ የሚሸጡበት ቤት ከፈቱ። በእኔ እምነት ይህ ከየትኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ስማቸውን አድርሶላቸዋል፤ ሐጃጅ ከየአገሩ መጥቶ ወደየአገሩ ይመለሳልና።

ሪያድ ግን ለአሥርት ዓመታት ጠበቀች። ከጅዳ የሚበር መንገደኛ የዶሮ ካርቶኑን ታቅፎ አውሮፕላን መሳፈሩ የተለመደ ነበር። ደንበኛ እስከዚህ ድረስ እየፈለገ ሳይጣደፉ መቆየት ቀላል አይደለም፤ ከታሪካቸው ሁሉ አብልጬ የማደንቀውም ይህንኑ ነው። ከሳዑዲ ወጥተው ባህሬን ላይ የከፈቱት በ2020 ሲሆን በማግስቱ ዓመት ዱባይ ገቡ። ስማቸው ቀድሟቸው ስለደረሰ ራሳቸውን ማስተዋወቅ አላስፈለጋቸውም፤ ደንበኛው በራሱ መጥቶ ተሰለፈ።