በዕድሜ የገፉ እናቶቻችንና የእግራቸው ሚዛን

በአገራችን ልማድ እናት ዕድሜዋ ሲገፋ ሥራ ማስጣል የልጆች የክብር ግዴታ ነው። በዓለም ጤናም ሆነ በአዳማ ውኃውን ልጅ ይቀዳል፥ ገበያውን ምራት ትሄዳለች፤ እማማ ግን «እርስዎ አረፍ ይበሉ» ተብለው ከደጃፍ በርጩማ ላይ ይውላሉ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ክብር ሳይታሰብ ጉልበትን የሚነሣ መሆኑን ልንመረምር ይገባናል።

ሰው ሚዛኑን ጠብቆ የሚቆመው በሦስት ነገሮች ረዳትነት ነው፤ ይኸውም በዐይን፥ በውስጠኛው ጆሮ፥ እንዲሁም ከእግር ጫማ፥ ከጡንቻና ከመገጣጠሚያ በሚመጣ ስሜት ነው። አንጎል የሦስቱን ወሬ ሰብስቦ ጡንቻን ያዝዛል። በእርጅና ሦስቱም ይደክማሉ፥ ጡንቻም ይከሳል። በሴቶች ዘንድ ደግሞ የወር አበባ ከቆመ በኋላ አጥንት ይሳሳል። በዚህም ምክንያት ልጂቱ ተደናቅፋባት ሥቃ የምታልፋት ድንጋይ የእናቲቱን ዳሌ ልትሰብር ትችላለች። ዳሌያቸው ከተሰበረ ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው ለመራመድ አይበቁም።

ታዲያ ይህን ለመቀነስ ይቻላልን? እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. በታተመ አንድ የኒው ዚላንድ ጥናት፥ ዕድሜያቸው 80 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ 233 ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ክፍል በየቤቱ የእግር ማጠንከሪያና የሚዛን ልምምድ ያዘ። በዓመቱ ሲቈጠር ልምምድ የያዙት 88 ጊዜ፥ ያልያዙት 152 ጊዜ ወድቀው ተገኙ።

«እናቶቻችን ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጨትና ውኃ ተሸክመዋል፤ ልምምድ ምን ይጨምርላቸዋል?» የሚሉ አይጠፉም። ሆኖም ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ፈጥኖ ስለሚቀንስ የትናንቱ ድካም ለዛሬ ስንቅ አይሆንም። ሸክምና ልምምድም አንድ አይደሉም፤ ልምምድ በዐቅም ተጀምሮ ጥቂት በጥቂት የሚጨመር ነው።

አሠራሩም ቀላል ነው።
1ኛ/ ከጠንካራ ወንበር እጅን ሳያስደግፉ መነሣትና መቀመጥ፤ በርጩማ ዝቅ ስለሚል ለጀማሪ ይከብዳል።
2ኛ/ የበሩን መቃን ይዞ በአንድ እግር፥ ቀጥሎም በሁለት እግር ጣቶች መቆም።
3ኛ/ ግድግዳ ተጠግቶ፥ የፊተኛውን እግር ተረከዝ ከኋለኛው እግር ጣት እያስነኩ መራመድ።

ስሙ ከዓለም ጤና ከተማ ስም ጋር የገጠመው የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ፥ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች እንዲህ ያለውን ልምምድ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲያደርጉ ይመክራል። ራስ የሚያዞራቸው፥ ደረታቸውን የሚያማቸው ወይም በቅርቡ የወደቁ ግን አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። በመጀመሪያ ጊዜም አጠገባቸው ሰው ይቁም።

እንግዲህ፥ ተማሪዎች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ እናቶቻችንን ከሥራ ሁሉ አናስወጣቸው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፥ ጎረቤትም ሲሄዱ በእግራቸው እናጅባቸው። ቡናውም እስኪፈላ ድረስ፥ እንደ ዐቅማቸው፥ ከወንበር እየተነሡ እየተቀመጡ እንዲለማመዱ አብረናቸው እንሥራ።