ያለ ጊዜው የሚመጣ ምጥ

እርግዝና 37 ሳምንት ሳይሞላው የሚጀምር ምጥ ያለ ጊዜው የመጣ ምጥ ይባላል። ሆድ እየጠነከረ መለስ ቀለስ ሲል፣ የእንሽርት ውሃ ሲፈስ ወይም ደም ሲታይ «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ተብሎ አይታደርም። በጊዜ ለደረሰች እናት ሐኪሞች የሕፃኑን ሳንባ የሚያጎለብት መርፌ ሊሰጡ ይችላሉ፤ መርፌው በደንብ እንዲሠራ ግን ከወሊዱ በፊት አንድ ቀን ያህል ያስፈልገዋል። ከጎሮም ጁባ ያለውን መንገድ ታውቁታላችሁና መኪና ያለውን ሰው ከወዲሁ አነጋግሩ።

ወባም ይህን ምጥ ሊያስነሳ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ያለ አጎበር አትተኛ (አጎበር የተሰጠን ለመጋረጃ አይደለም!)፤ ትኩሳት ሲሰማት ትመርመር።

ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ታቅፎ ይሞቃል። እናት ስትደክም አባት ይተካታል።