በሊምፍ ዕጢ ውስጥ ሜላኖማን በቀለም መለየት

ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ሜላኖማ በብዛት የሚነሣው ከውስጥ እግርና ከጥፍር ሥር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በ36 ዓመቱ ያረፈው ቦብ ማርሌም ሕመሙ የጀመረው ከእግሩ ጣት ነበር። ከእግር የተነሣው ካንሰር ሲሰራጭ በአብዛኛው ቀድሞ የሚደርሰው ብሽሽት ውስጥ ካለ ሊምፍ ዕጢ ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዶናልድ ሞርተንና ባልደረቦቻቸው ያንን የመጀመሪያ ዕጢ ለይቶ የማውጣት ዘዴን እ.ኤ.አ. በ1992 ካሳተሙ ወዲህ፣ ከባዱ ሸክም በፓቶሎጂ ላብራቶሪው ላይ ወድቋል።

ዕጢው እንደወጣ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። በቀዶ ሕክምናው መሐል አቀዝቅዞ መቁረጥ አይመከርም፤ ጥቂቶቹ የካንሰር ሴሎች ያሉበት ክፍል ተከርክሞ ሊጠፋ ይችላል። ቀጥሎ ዕጢው ለሁለት ይሰነጠቅና ሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያ በተለያየ ጥልቀት ይቆረጣል። በአውሮፓ የታወቀው አሠራር በየ50 ማይክሮን እየወረዱ መቁረጥ ነው። በአንድ እርከን ብቻ የረካ ላብራቶሪ ቀለሙ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሊያመልጠው ይችላል።

መጀመሪያ ሄማቶክሲሊንና ኢዮሲን ይቀባል፤ በእሱ ያልታየውን በአንቲቦዲ የሚሠሩት ቀለሞች ይፈልጉታል። ኤስ-100ን የሚያመልጠው ሜላኖማ ጥቂት ነው፤ ችግሩ ጤነኛ የዴንድሪቲክ ሴሎችንና ነርቮችንም ማቅለሙ ነው። ኤችኤምቢ-45 ይበልጥ መራጭ ቢሆንም የሚያልፈው ሜላኖማ አለ። ሜላን-ኤ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ግን ጉዳት የሌላቸውን የማርያም ስሞሽ ሴሎችም ይይዛል። ስለዚህ ከአንድ በላይ ማጣመር ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ያንኑ ቀለም በቆዳው ዕባጭ ላይ መሞከር ይጠቅማል፤ እዚያ ሜላን-ኤ ካልያዘ፣ ዕጢው ውስጥ አለመታየቱ ምንም አያረጋግጥም።

ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ሜላኖማ ያለበት የታወቀ ስላይድና ዋናው አንቲቦዲ ያልተጨመረበት ሌላ ስላይድ አብረው ይቀለማሉ። የመጀመሪያው ካልቀለመ ወይም ሁለተኛው ከቀለመ ዙሩ ይደገማል። ሜላኒን የዋጡ ማክሮፋጆች በተፈጥሯቸው ቡናማ ስለሆኑ፣ በቡናማው ፋንታ ቀይ ማቅለሚያ መጠቀም ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል።

ከዚያ ቦታና ቅርጽ ይታያሉ። በዕጢው ሽፋን ውስጥ የተደረደሩ፣ ሜላን-ኤ የያዛቸው፣ ኤችኤምቢ-45 ግን ያልነካቸው ለስላሳ ቅርጽ ያላቸው ሴሎች በአብዛኛው የማርያም ስሞሽ ናቸው። ከሽፋኑ ሥር ባለው ክፍተት ወይም በዕጢው ውስጥ የሚገኙ ትልልቅና ቅርጻቸው የተዛባ ሴሎች ወደ ሜላኖማ ያመለክታሉ። በዛሬው የደረጃ አመዳደብ ጥቂት የሜላኖማ ሴሎች እንኳ ሕመምተኛውን ሦስተኛ ደረጃ ላይ ያደርሱታል። ጥርጣሬ ካለ ጠለቅ ብሎ እንደገና ይቆረጣል፣ ሁለተኛ ፓቶሎጂስትም ይመለከተዋል፤ ሪፖርቱ የትልቁን ክምችት ስፋት በሚሊ ሜትርና ያለበትን ቦታ ይመዘግባል።