ለፊልም የሚገዛ ውጫዊ ዲቪዲ፤ ፍጥነቱ ወይስ ጉልበቱ?

ለመስቀል ቸሃ የሚገባ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሻንጣው ጋር ላፕቶፕ ይዞ መሄዱ ከተለመደ ቆይቷል። እምድብርም ሆነ ወልቂጤ በሚገኘው የቤተሰቡ ቤት ደግሞ ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሠርግ፣ የክርስትናና የአማርኛ ፊልም ሲዲዎች ተደርድረው ይጠብቁታል። ችግሩ ሁለቱ አለመገናኘታቸው ነው። የድሮው የዲቪዲ ዴክ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ መለዋወጫ አጥቷል። አዲሱ ላፕቶፕም ዲስክ የሚጎርስበት አፍ የለውም። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 ማክቡክ ኤር የተባለውን ላፕቶፕ ያለ ዲስክ ድራይቭ ካወጣ በኋላ ሌሎቹም አምራቾች ቀስ በቀስ ያንኑ መንገድ መከተላቸው ይታወቃል።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ላፕቶፕ፣ ድራይቭና ዲስክ ተደጋጋፊ ሸቀጦች ናቸው፤ እንደ ሻይና ስኳር። አምራቹ ድራይቩን ከላፕቶፑ ሲነጥለው ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። በገበያው ‹‹ኤክስተርናል ዲቪዲ›› የሚባለውም ይኸው ነው። ዕቃው በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ስለሆነ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት የነበረው ዋጋ ለዛሬ ገዢ መመሪያ አይሆነውም። ተሳስቶ መግዛትም የዚያኑ ያህል ተወዷል።

ለመሆኑ ፊልም ለማየት ብቻ የሚፈልግ ገዢ ምን መርጦ ይግዛ?

ሻጭ በመጀመሪያ የሚጠራው ቁጥር ፍጥነት ነው። ‹‹8 እጥፍ፣ 24 እጥፍ›› ይላል፤ የመጀመሪያው ለዲቪዲ፣ ሁለተኛው ለሲዲ የተሰጠ ነው። የዲቪዲ አንድ እጥፍ በሰከንድ ወደ 1.4 ሜጋባይት ገደማ የማንበብ አቅም ነው። የዲቪዲ ፊልም ደግሞ ምስሉና ድምፁ ተደምሮ ከዚህ መጠን አያልፍም። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ገበያውን ያጥለቀለቀው ቪሲዲማ በሰከንድ ሩብ ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ስለሆነም 8 እጥፍ የሚያነብ ድራይቭ ለተመልካች ከበቂ በላይ ነው፤ ለተጨማሪ ፍጥነት የሚከፈል ብር ስክሪኑ ላይ አይታይም። ፍጥነት የሚጠቅመው ዲስኩን ወደ ኮምፒዩተር ለሚገለብጥ ሰው ነው።

ከፍጥነቱ ይልቅ ሊጠየቅ የሚገባው ጉልበቱ ነው። ቀጭኖቹ ድራይቮች የራሳቸው የኤሌክትሪክ መሰኪያ የላቸውም፤ ኃይል የሚወስዱት ከላፕቶፑ ዩኤስቢ ነው። በደረጃው መሠረት የዩኤስቢ 2 ቀዳዳ 500 ሚሊአምፒር፣ የዩኤስቢ 3 ደግሞ 900 ሚሊአምፒር ይሰጣል። ድራይቩ ዲስኩን ከቆመበት አስነስቶ ማሽከርከር ሲጀምር ብዙ ኃይል ይስባል። ቀዳዳው ካልቻለው ዲስኩ ‹‹ጭር ጭር›› ብሎ ይቆማል፤ ገዢውም ዕቃው የተበላሸ መስሎት ሊመልሰው ይሄዳል። በአጭሩ ለፊልም ተመልካች የዩኤስቢ 3 ቀዳዳ ጥቅሙ ፍጥነቱ ሳይሆን የሚሰጠው ኃይል ነው። ላፕቶፑ አሮጌ ከሆነ ሁለት የዩኤስቢ ራስ ያለው ገመድ ያለበትን መምረጥ፣ ወይም ድራይቩን በቀጥታ ከላፕቶፑ ጋር ማገናኘት ይሻላል። በማከፋፈያ በኩል ማገናኘት፣ በተለይም ማከፋፈያው የራሱ የኃይል መሰኪያ ከሌለው፣ ለዚህ ዕቃ አይመከርም። ትንሿን ክብ ጠርዝ ቀዳዳ (ታይፕ ሲ) ብቻ ያለው አዲስ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ደግሞ የገመዱን ራስ አይቶ ይግዛ። ገመዱ ከድራይቩ የሚነቀል ቢሆን ይመረጣል፤ የማይነቀል ገመድ ሲበጠስ አብሮት የሚሄደው ሙሉ ዕቃው ነውና።

የሀገር ቁጥር

የዲቪዲ ፊልም አሳታሚዎች ዓለምን በ6 የገበያ ክልሎች ከፋፍለዋል። አሜሪካ 1፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ 2፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው አፍሪካ 5 ነው። ይህ አንድን ዕቃ በተለያየ ገበያ በተለያየ ዋጋና ጊዜ ለመሸጥ የተቀየሰ ዘዴ ሲሆን ለገዢው ግን ጣጣ አለው። ድራይቩ የሀገር ቁጥሩን እንዲቀይር የሚፈቀድለት 5 ጊዜ ብቻ ነው፤ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል። አንድ ዘመድ ከአሜሪካ ኦርጅናል ፊልም ቢልክ፣ ሌላው ከዱባይ ቢያመጣ፣ ባለቤቱም በየጊዜው ‹‹እሺ›› እያለ ቢቀያይር አምስቱ ዕድል ሳይታወቅ ያልቃል። በየስቱዲዮው የተቀዱ የሠርግ ዲስኮች ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ቁጥር የለባቸውም።

ሌላው አላስፈላጊ ጭቅጭቅ የሶፍትዌር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህ የዲቪዲ ፊልም ማጫወቻ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ አይመጣም። ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲቪዲውንም ቪሲዲውንም ያጫውታል። ነገር ግን እምድብር ደርሶ ኔትወርክ ከመለመን አዲስ አበባ እያሉ መጫን ይቀላል። ብሉሬይ የሚያነበው ውድ ድራይቭ የሚያስፈልገው ብሉሬይ ዲስክ ላለው ሰው ብቻ ነው፤ ለቪሲዲና ለዲቪዲ ክምችት ያንን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ፍተሻና ሒሳብ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ ትገኛለች፤ እምድብር ከዚያም ትርቃለች። ዋስትናው መርካቶ ባለ ሱቅ የሚቀር ዕቃ ቢበላሽ የመመለሻው ትራንስፖርትና የሥራ ቀን የዕቃው ዋጋ አካል ነው። በመሆኑም ገዢ የራሱን ላፕቶፕ፣ አንድ ቪሲዲና አንድ የተቀዳ ዲቪዲ ይዞ ሱቅ ይግባ። ፊልሙን ከመጀመሪያው ሳይሆን የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች ያጫውት። ዲስክ የሚነበበው ከመሐል ወደ ጠርዝ ስለሆነ ዲስኩ ሞልቶ የተቀዳ ከሆነ ደካማ ድራይቭ የሚንተባተበው እዚያ ጠርዙ ላይ ነው።

መግዛት የግድ ነው ወይ? ለስሌት ያህል ድራይቩ 3,000 ብር፣ አንድ ዲስክ ወደ ፍላሽ ለመገልበጥ ሱቅ የሚያስከፍለው 150 ብር ነው እንበል። ሁለቱ የሚተካከሉት 20ኛው ዲስክ ላይ ነው። አሥር ዲስክ ያለው ቤተሰብ ማስገልበጡ ያዋጣዋል፤ ሠላሳ ያለው ደግሞ መግዛቱ። አንባቢው በዕለቱ ያገኘውን ዋጋ በእነዚህ ቁጥሮች ይተካ። ወንድማማቾችና ጎረቤት ተዋጥተው ቢገዙማ ስሌቱ ይበልጥ ይቀላል፤ ዕቁብ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

መገልበጡ ከመብራት አንፃርም ያዋጣል። 40 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ላፕቶፑ 12 ዋት ቢወስድ፣ ከ3 ሰዓት በላይ ይቆያል። ድራይቩ 3 ዋት ሲጨምርበት ወደ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወርዳል። አርጅቶ ግማሽ አቅሙ የቀረ ባትሪ ደግሞ መብራት ከጠፋ ፊልሙን አያስጨርስም። በተቃራኒው አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ፍላሽ 4.7 ጊጋባይት የሞሉ 13 ዲቪዲዎችን ይችላል። በስቱዲዮ የተቀዳ ዲስክ በሙቀትና በብርሃን ቀለሙ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ቀድሞ መገልበጥ ያለበት የሠርጉ ነው። የአማርኛው ፊልም ሌላ ቅጂ ሊገኝለት ይችላል፤ የእናትና የአባት ሠርግ ግን ከገበያ አይገዛም። የሰው ፊልም አባዝቶ መሸጥ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚያስጠይቅ መሆኑንም ገልባጭ ሱቆች ልብ ይሏል።

ለወልቂጤና ለቡታጅራ ነጋዴ ደግሞ ይህ ዕቃ በብዛት ተከማችቶ የሚቀመጥ አይደለም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የሚቀዱ የብሉሬይ ዲስኮችን ማምረት አቁሟል፤ ዲስክ የሚባለው ነገር በጠቅላላው እየከሰመ ነው። ከበዓል በፊት ጥቂት ድራይቮች፣ ከዚያ በላይ ግን ፍላሽና የታይፕ ሲ መለወጫ ይዞ፣ ገልባጭ አገልግሎቱን ራሱ የሚሰጥ ሱቅ ያንኑ አንድ ድራይቭ ደጋግሞ ይሸጠዋል ማለት ይቻላል።